ስድስት ሳምንት ከገንዳ ርቆ ለአምስት ውድድር መሰለፍ

የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር ነው የምትኖረው። ዋናተኛ ናት። ባለፈው እሑድ ማታ ደወለችልኝና «ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?» አለችኝ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የሁለት ቀን ውድድር አለባት። አሰልጣኟ መስከረም ላይ ለአምስት አስመዝግቧታል። በመጀመሪያው ቀን 50 ሜትር ጀርባ ቀዘፋና 200 ሜትር ነፃ ቀዘፋ። በሁለተኛው ቀን 50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ፣ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ፣ ማሳረጊያው ላይ ደግሞ ዱላ ቅብብል። ጥቅምት ላይ ግን ወባ ጣላት። ሻል ሲላት የትምህርት ቤት ፈተና ደረሰ። ቁጭ ብላ ስትቆጥረው ስድስት ሳምንት ሙሉ ገንዳ አልገባችም። የቀራት ሦስት ሳምንት ነው።

«ጠዋትና ማታ እየገባሁ ላካክሰው?» አለችኝ።

አይሆንም አልኳት። ምክንያቱን ለማስረዳት አንድ ሰዓት በስልክ አወራን። ከክረምት መውጫ ጀምሮ ጣና ዙሪያ ወባ ይበረታል፤ ልጆች ልክ በውድድር ሰሞን ይታመማሉ። ገንዳ ይዘጋል፣ ፈተና ይመጣል፣ ትከሻ ያማል። ያንኑ ጥያቄ የሚጠይቅ ሌላም ልጅ ስለማይጠፋ፣ ለሷ ያልኳትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። እኔ ዋና የለመድኩት ደብረ ማርቆስ አጠገብ ባለው ጨሞጋ ወንዝ ውስጥ ነው። በኋላ ገንዳ ገብቼ ተወዳድሬያለሁ፣ ልጆችም አሰልጥኛለሁ። ይሄ ጉዳይ ከልቤ ያሳስበኛል፤ ጎበዝ ልጆች በነዚህ ጥቂት ሳምንታት ትከሻቸውን ሲጎዱ በዓይኔ አይቻለሁ።

ልምምድ ሲቋረጥ ሰውነት ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጥልም። ቀድሞ የሚሄድ አለ፣ ቆይቶ የሚሄድም አለ።

ቀድሞ የሚሄደው የደም ፈሳሽ ነው። ልምምድ የሚሠራ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይጨምራል። ልብም በአንድ ምት ብዙ ደም ትረጫለች። ልምምዱ በቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሄ ፈሳሽ መቀነስ ይጀምራል። ልብ ያንኑ ደም ለማዳረስ ቶሎ ቶሎ መምታት ግድ ይሆንባታል። ሁለት ሳምንት ያረፈ ዋናተኛ ገንዳውን አንዴ ደርሶ ሲመለስ የሚያለከልከው በዚህ ነው። ደግነቱ ቶሎ የሄደው ቶሎ ይመለሳል። የአንድ ሁለት ሳምንት ቀለል ያለ ዋና አብዛኛውን ያስተካክለዋል።

ሁለተኛው የጡንቻው ምድጃ ነው። ጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን ተጠቅመው ጉልበት የሚያመርቱ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፤ ማይቶኮንድሪያ ይባላሉ። እነሱም በሳምንታት ውስጥ ይዳከማሉ። አመላለሳቸው ግን እንደ ደም ፈሳሹ ፈጣን አይደለም። ሦስት ሳምንት ለነሱ አጭር ነው።

የጡንቻ ጥንካሬ ደግሞ ብዙ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ አንድ ጥናት ተወዳዳሪ ዋናተኞችን አራት ሳምንት ተከታትሏል። ሙሉ በሙሉ ያረፉት መሬት ላይ ሲለኩ ጥንካሬያቸው ብዙም አልቀነሰም። ውኃ ውስጥ ሲለኩ ግን የሚያወጡት ኃይል ከ10 በመቶ በላይ ወርዶ ተገኘ። ጡንቻው አለ፣ ኃይሉን ውኃው ላይ ማሳረፍ ግን ጠፍቷል ማለት ነው።

ልጅቷ ይሄን ጥናት አታውቀውም። መጀመሪያ ቀን ገብታ ስትወጣ ግን በራሷ ቋንቋ ነገረችኝ። «ጋሼ፣ ውኃው ይሾልክብኛል» አለች። ዋናተኛ ውኃውን ይይዘዋል። መዳፉንና ክንዱን እንደ መቅዘፊያ አቁሞ ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ሰውነቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ሲርቅ መዳፉ ውኃውን መሰማት ያቆማል። ክርኑ ይወድቃል፣ እጁ ውኃውን ሰንጥቆ ያልፋል። በፊት 25 ሜትር በ18 እጅ ትጨርስ ነበር። አሁን 22 ሆኖባታል። ያው ገንዳ፣ ያው ልጅ፣ አራት ተጨማሪ ቀዘፋ።

እዚህ ላይ ወባውን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ለፈተና ብሎ ስድስት ሳምንት የቀረና በወባ ምክንያት ስድስት ሳምንት የቀረ እኩል አይደሉም። የወባ ተዋህሲ ቀይ የደም ሕዋሶች ውስጥ ገብቶ ይራባና ያፈነዳቸዋል። ኦክስጅን ተሸክመው የሚዞሩት ደግሞ እነዚህ ሕዋሶች ናቸው። ስለዚህ ከወባ የተነሣ ሰው ትኩሳቱ ቢለቀውም ደሙ ገና ሳይሞላ ይቆያል። ለመሙላት ሳምንታት ይፈጅበታል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ደብረ ማርቆስ ከዚህም ከፍ ትላለች። ጤነኛ ሰው ይለምደዋል። ደሙ የጎደለ ልጅ ግን ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ስለዚህ ገንዳ ከመግባት በፊት ጤና ጣቢያ። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን፣ ሄሞግሎቢን የሚባለውን አስለኩ። ቀላል የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ጨርሱ፤ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ እንደገና ይነሣል። ጣፊያ በወባ ሊያብጥ ስለሚችል ሐኪሙ ሆዳችሁን ዳስሶ ይይ። ሐኪሙ «ቆይ» ካለ ውድድሩ ይቅር። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ለእህቴ ልጅም መጀመሪያ ያልኳት ይሄንኑ ነው። ሰኞ ሄዳ ተመረመረች። ትንሽ ዝቅ ቢልም ቀስ ብላ መጀመር እንደምትችል ተነገራት።

አሁን ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። ጠዋትና ማታ ለምን አይሆንም?

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ያለፉት ስድስት ሳምንታት ሄደዋል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ሳምንት ማጨቅ የሚችል ሰውነት የለም። ጉዳዩ ትከሻ ላይ በደንብ ይታያል። እንቁጠረው። በፊት በአንድ ልምምድ 3,000 ሜትር ትዋኝ ነበር። ባለ 25 ሜትሩን ገንዳ 120 ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። በ18 እጅ ስናባዛው 2,160 ቀዘፋ ይመጣል። ጠዋትና ማታ ከሆነ 4,320። እያንዳንዱ ትከሻ በቀን ከ2,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። አሁን ደግሞ ክርኗ ስለሚወድቅ የቀዘፋው ቁጥር ከዚህም ይበልጣል፣ አዟዟሩም የተበላሸ ነው። ልብ በሁለት ሳምንት ትነቃለች። ጅማት ግን እንደ ልብ አይፈጥንም። ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። ትንፋሹ ይመለሳል፣ ልጁ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ርቀቱን ይጨምራል። ያኔ ትከሻው ፊት ለፊት ላይ የሚወጋ ሕመም ይጀምራል። ውድድሩም የሚቀጥለው ወርም አብረው ይሄዳሉ።

እንግዲህ በሦስት ሳምንት የሚገኘው ምንድን ነው? ውኃውን መያዝ ይመለሳል። የውድድር ፍጥነት ስሜት ይመለሳል። አነሳስና መታጠፊያ ከበፊቱ ሊሻል ሁሉ ይችላል። የሁለቱ ቀናት እቅድ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በእጃችን ነው። እኔ የማምነው እዚህ ላይ ነው፤ ከእረፍት የተመለሰ ዋናተኛ ትልቁን ትርፍ የሚያገኘው ርቀት በመጨመር ሳይሆን ውድድር በመቀነስና በውድድሮቹ መሃል ያለውን ጊዜ በመጠበቅ ነው።

ልምምዱን እንዲህ አስቀመጥነው። የመጀመሪያው ሳምንት አራት ቀን ብቻ፣ በቀን ከ1,000 እስከ 1,500 ሜትር። አብዛኛው ዝግ ያለ ዋና ነው። ከዚያ ውስጥ በጡጫ መዋኘት አለ። እጅን ጨብጦ 25 ሜትር መሄድ፣ ቀጥሎ መዳፍን ከፍቶ 25 ሜትር። ጡጫ ውኃ አይዝም፤ ስለዚህ ክንዱ ራሱ መያዝ ይማራል። መዳፉ ሲከፈት ውኃው ከባድ ሆኖ ይሰማል። ያ ክብደት ነው የሚፈለገው። በቀኑ መጨረሻ አራት አምስት ጊዜ 15 ሜትር በሙሉ ፍጥነት፣ በመሃሉ እስኪያርፉ ድረስ ቆሞ። ይሄ አያደክምም፣ ጡንቻው ፍጥነት እንዳይረሳ ያደርጋል።

ሁለተኛው ሳምንት ዋናው ነው። አምስት ቀን፣ እስከ 2,000 ሜትር። እዚህ የውድድር ፍጥነት ይገባል። ለ100 ሜትሩ 25 ሜትርን አራት ጊዜ፣ ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ እያረፉ፣ ልክ በውድድሩ ቀን በሚፈለገው ፍጥነት። ፍጥነቱ ከወረደ ይቆማል። «አንድ ልጨምር» የለም። በዚህ ሳምንት መጨረሻ አንድ 100 ሜትር በሰዓት ይለካል።

ሦስተኛው ሳምንት ርቀቱ ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ይቆያል። ሙሉውን ወቅት የተለማመዱ ዋናተኞች ከውድድር በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ርቀታቸውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳሉ። የወራት ድካም ተጠራቅሞባቸዋል፣ እሱ እንዲወጣላቸው ነው። ስድስት ሳምንት ያረፈ ሰው ግን የተጠራቀመ ድካም የለበትም። ለሱ አራት አምስት ቀን ይበቃዋል። ሌላው ስለሚያርፍ ብሎ ሁለቱንም ሳምንት ያረፈ፣ በእረፍት ላይ እረፍት ጨመረ።

ሁልጊዜ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የልብ ምትን መቁጠር ጥሩ ነው። ከወትሮው በደቂቃ በአሥር ከፍ ካለ ያን ቀን ቀለል ይበል። ማዞር ወይም የዓይን መጨለም ከመጣ ከገንዳ መውጣት ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ትንፋሽ ለማሳደግ ብሎ ውኃ ስር ትንፋሽ ይዞ መቆየት፣ ያውም ብቻን ሆኖ፣ ይገድላል። ቶሎ ቶሎ ተንፍሶ ከሚጠልቅ ሰው ደም ውስጥ «ተንፍስ» የሚለው ምልክት ይቀንሳል። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ከላይ ሲያዩት የሚጫወት ይመስላል። ደሙ የጎደለ ልጅ ደግሞ ከማንም በላይ ተጋላጭ ነው።

ገንዳ ሲዘጋ ጣና አለ የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ከጣናና ከአባይ ብዙ ጥሩ ዋናተኛ ወጥቷል። ግን ከዳር፣ ደንገልና ሣር ያለበት የረጋ ውኃ ውስጥ ብልሃርዚያ የምታስተላልፍ ቀንድ አውጣ ትኖራለች። ተዋህሲው በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። መድኃኒት አለው፤ ከውድድር በፊት ባለ ሦስት ሳምንት ግን አዲስ በሽታ አያስፈልግም። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ። የግድ ከሆነ ከሰው ጋር፣ ከዳር ራቅ ብሎ፣ ታንኳ ወይም ጀልባ ተከትሎ ይሁን። እኔ ለእህቴ ልጅ አልፈቀድኩላትም።

ወደ አምስቱ ውድድሮች እንምጣ። የቱ ይቅር፣ የቱ ይቆይ?

ለመወሰን ጉልበት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ጡንቻ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ጥቂት ነዳጅ አለ። በሙሉ ኃይል አሥር ሰከንድ ገደማ ያስኬዳል። እሱ ሲያልቅ ጡንቻው ስኳርን ያለ ኦክስጅን ያቃጥላል። ይሄ ፈጣን ነው፣ ግን እግርና ክንድን የሚያሳርር አሲድ ያመጣል። ረዘም ሲል ዋናው ሥራ ወደ ኦክስጅን ይሄዳል። 50 ሜትር ለሷ 34 ሰከንድ ያህል ነው፤ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ይሄዳል። 200 ሜትር ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ከግማሽ በላይ ጉልበቱ ከኦክስጅን ነው። እሷ ደግሞ የጎደላት ምንድን ነው? የደም ፈሳሹ፣ ቀይ ሕዋሱ፣ ምድጃው። ሁሉም የኦክስጅን መንገድ ናቸው። ስለዚህ እረፍትና ወባ አጥብቀው የሚመቱት 200 ሜትሩን ነው። 50 ሜትሩን ብዙም አይነኩትም።

200ው ይሰረዝ አልኳት። አለቀሰች። ባለፈው ዓመት ሜዳሊያ ያገኘችበት ነው። ይገባኛል። ግን 200ው በመጀመሪያው ቀን ነው ያለው። እሱን ከዋኘች ሁለተኛውን ቀን የምትጀምረው በደከመ ጡንቻ ነው። በአንድ ውድድር የሁለተኛው ቀን ሦስቱ ይበላሻሉ።

ቀጥሎ በውድድሮቹ መሃል ያለው ጊዜ ነው። ያ የተዘጋጀው ነዳጅ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይሞላል። ከስኳሩ የመጣው ግን ቁጭ ብለው ካረፉ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ያፈጥነዋል፤ ደሙ ይዘዋወርና ሌላው ጡንቻና ልብ ያንን ላክቴት የሚባለውን ነገር እንደ ነዳጅ ይጠቀሙበታል። ለዚህ ነው ትላልቆቹ ዋናተኞች ሜዳሊያ ሲያገኙ እንኳ ቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣ ገንዳ፣ ማለትም ቀስ ብለው እየዋኙ ሰውነታቸውን ወደሚያረጋጉበት ገንዳ የሚገቡት። ማይክል ፌልፕስ ቤጂንግ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ስምንት ወርቅ ሲወስድ በዘጠኝ ቀን 17 ጊዜ ዋኝቷል። ፈረንሳዊው ሊዮን ማርሻንድ ፓሪስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 በአንድ ምሽት፣ በሁለት ሰዓት ገደማ ልዩነት፣ 200 ሜትር ቢራቢሮና 200 ሜትር ደረት ቀዘፋ አሸንፏል። ይሄ የሚሆነው ግን ከጀርባው የዓመታት ልምምድ ሲኖር ነው። የእነሱን የውድድር ብዛት ሳይሆን በመሃል የሚያደርጉትን ነው መውሰድ ያለብን።

እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ገንዳ ነው። እሱ ላይ ውድድር እየተካሄደ ማቀዝቀዣ የለም። ምንም አይደለም። ከገንዳው ወጥቶ፣ ተደርቦ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ፣ ክንድን ቀስ እያሉ ማዞር። ያው ሥራ ነው የሚሠራው። መቀመጥ ከዚያ በኋላ። በሁለተኛው ቀን በ50 ሜትሩና በ100 ሜትሩ መሃል ወደ 40 ደቂቃ ይኖራታል። በቂ ነው፣ ካልባከነ። ጓደኛ ለማበረታታት እርጥብ ልብስ ለብሶ ሲሚንቶ ላይ መቀመጥ ማባከን ነው።

ታኅሣሥ ጠዋት ባሕር ዳር ይበርዳል። ለትልልቅ ውድድር ደንቡ ገንዳው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን ይላል። የማይሞቅ ገንዳ በማለዳ ከዚያ ሊወርድ ይችላል። የቀዘቀዘ ጡንቻ ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ ማሟሟቂያው ከመሬት ይጀምር። መዝለል፣ ክንድ ማዞር፣ ቀለል ያለ ሩጫ። ከዚያ ውኃ። ከውኃ ሲወጡ ደግሞ ጋቢ። ለዚህ ከጋቢ የሚሻል ነገር አላየሁም። ፎጣ ይርሳል፣ ይቀዘቅዛል። ጋቢ በደረቅ ካልሲና በኮፍያ ታክሎ ሙቀቱን እስከሚቀጥለው ጥሪ ይይዛል። እናቷ ሁለት ጋቢ ትያዝላት ብያለሁ። አንዱ መርጠቡ አይቀርም።

ምግብ። ውድድሩ ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው የሚውለው፤ ኅዳር 15 የገባው ጾም እስከ ገና ይዘልቃል። የጾም ምግብ ለዋናተኛ ይበቃል። ጥያቄው ሰዓቱ ነው። ውድድሩ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይጀምራል። እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ ለሚጾም ልጅ፣ ያውም ከበሽታ ለተነሣ፣ ከባድ ነው። ይሄን እኔ አልወስንም፣ አሰልጣኙም አይወስንም። አስቀድሞ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ነው። ሄዳ ጠይቃ ፈቃድ አግኝታለች።

ዋዜማውን እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ደህና አድርጎ መብላት። በማለዳው ግን ሽሮና ባቄላ ይቅር፤ ሆድ ይነፋል። ዳቦ፣ ሙዝ፣ በሶ። ከውድድሩ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ። በውድድሮች መሃል ደግሞ ቀጠን ያለ የበሶ ብጥብጥ በማርና በቆንጥር ጨው፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ትንሽ ትንሽ እየተጎነጩ። የተቆላ ገብስ ነው፣ ሆድ ላይ አይከብድም፣ ማሩም ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል። የጎጃም ማር ባለበት አገር ውድ የስፖርት መጠጥ ፍለጋ መዞር አያስፈልግም። ቆሎ ጥሩ ነው፣ ግን ለማታ። ደረቅ ነው፣ ውኃ ይጠማል። ሌላ ደግሞ በልቶ ወዲያው ቡና መጠጣት ከምግብ የሚገኘውን ብረት ይቀንሳል። ደሙ ለሚሞላ ሰው ቡናውን አንድ ሰዓት ማዘግየት፣ ሎሚ ወይም ቲማቲም ከምስሩ ጋር መብላት ይረዳል። የብረት ክኒን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ።

አሁን ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ላይ ደረስን፤ አነሳስና መታጠፊያ። በነፃ፣ በጀርባና በቢራቢሮ ቀዘፋ ከመነሻውና ከእያንዳንዱ መታጠፊያ በኋላ እስከ 15 ሜትር ውኃ ስር መሄድ ይፈቀዳል። በ25 ሜትር ገንዳ 50 ሜትር ስትዋኝ አንድ መነሻና አንድ መታጠፊያ አለ። ግድግዳውን በደንብ ገፍቶ፣ ክንድን ጆሮ ላይ አጣብቆ፣ ቀጥ ብሎ መንሸራተት ሳንባ አይጠይቅም። ከወባ የተነሣ ልጅም ይችለዋል። በየቀኑ 15 ደቂቃ ለዚህ ብቻ ሰጥተናል። 15 ሜትሩን ሁሉ ውኃ ስር ለመሄድ መሞከር ግን አሁን ለሷ አይሆንም። አምስት ስድስት ሜትር ላይ ወጥታ ትንፋሽ ትውሰድ።

በጀርባ ቀዘፋ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከግድግዳው አምስት ሜትር ላይ ከገንዳው በላይ የባንዲራ ገመድ ይዘረጋል። ዋናተኛው ባንዲራውን ሲያይ እጁን ቆጥሮ ግድግዳው ጋ ይደርሳል። በፊት አራት ነበር የምትቆጥረው። አሁን ቀዘፋዋ አጥሯል። በድሮው ቁጥር ከተማመነች ግድግዳው ሳይደርስ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ከባንዲራው ጀምሮ እንደገና ቆጠርን። አምስት ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሊቀየር ስለሚችል ውድድሩ ዋዜማ ላይ እዚያው ገንዳ ውስጥ ድጋሚ ይቆጠራል።

የ100 ሜትሩ ነገር ፍጥነት መመደብ ነው። የድሮ ሰዓቷ 1 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። የመጀመሪያውን 50 በ36 ትሄድ ነበር። ሰውነቷ ያንን 36 ያስታውሳል። ዛሬም በ36 ልትሄድ ትችላለች። ግን ሁለተኛው 50 ላይ ክንዷ ይታሰራል፣ በ47 ትመለሳለች፣ ድምሩ 1 ከ23 ይሆናል። በ39 ብትወጣና በ42 ብትመለስ 1 ከ21 ነው። ቀስ ብላ በመጀመሯ ሁለት ሰከንድ ታተርፋለች። ይሄን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ላኩላት። ውድድር ላይ ጎረቤት መስመር ያለችው ልጅ ስትቀድም ማየት ከባድ ነው። ስለዚህ 39 ምን እንደሚመስል ክንዷ እስኪያውቀው በልምምድ ላይ ደጋግማ ትዋኘዋለች። ግቡም ከድሮው ሰዓት ሳይሆን ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከሚለካው ይነሣል።

ዱላ ቅብብሉ የሷ ብቻ አይደለም፣ የአራት ልጆች ነው። ብዙ ልጆች አሰልጣኝ እንዳይቆጣ ብለው «ደህና ነኝ» ይላሉ። ከዚያ በመጨረሻው ዙር ቡድኑ በሙሉ ይወርዳል። የስም ዝርዝሩ ከመግባቱ በፊት ያለውን ሁሉ ለአሰልጣኙ መናገር ያስፈልጋል። ስንት ሳምንት እንደቀረች፣ የደም ምርመራው ምን እንዳለ፣ የዛሬ ሰዓቷ ስንት እንደሆነ። ነገረችው። የቅብብሉን የመጨረሻ ተራ ለሌላ ልጅ ሰጥቶ እሷን ሁለተኛ አደረጋት። ከሷ በፊት ያለችው ልጅ ግድግዳውን ሳትነካ የእህቴ ልጅ እግር መነሻውን ከለቀቀ ቡድኑ ይሰረዛል። ስለዚህ ርክክቡን ከዚያችው ልጅ ጋር ለየብቻ እየተለማመዱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደውላ ነበር። 1,200 ሜትር ዋኝታ ወጥታለች። ትከሻዋን ጠየቅኋት። «አያመኝም፣ 20 እጅ ላይ ደርሻለሁ፣ ግን ውኃው አሁንም ትንሽ ይሾልካል» አለችኝ። ነገ እረፍት ነው። ከነገ ወዲያ በጡጫ የምትዋኘውን አራት ዙር እንጨምራለን።